ወይዘሮዋ ነጭ የለበሰችበት ዓመት

ሙስካት፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1998

ለእህቴ ለሪዚኪ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺ፣ እማማ፣ ባልሽ ኻቲቡ፣ መላው የሚካሳኒ ሰው እንደምን ሰነበታችሁ? ጾሙም ተፈታ፣ ዒዱም አለፈ፤ እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። አላህ የእማማን ዕድሜ ያርዝምልን፣ እኛንም በጤና ያገናኘን።

ሰላምታውን ያስረዘምኩት ወሬውን ፈርቼ ነው። ዓይኔ ታሟል፣ ሪዚኪ። ስኳሩ ነው። መጀመሪያ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ፊቴ ላይ ይዋኝ ነበር፤ ዝንብ መስሎኝ ስንቴ በእጄ አባርሬዋለሁ! አሁን ክሩ መጋረጃ ሆኗል። ዶክተሩ ከዓይኔ በስተጀርባ ደም ይፈስሳል ይላል። ሜይ ሳያልቅ ቀዶ ጥገና ካልተደረገልኝ ሁለቱም ይጠፋሉ። ከተደረገልኝ አንደኛው ሊተርፍ ይችላል፣ ወይም እዚያው አልጋ ላይ እንዳለሁ ሁለቱም ሊጨልሙ ይችላሉ። «ሃምሳ በሃምሳ ነው» አለኝ፣ የሎሚ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። መሥሪያ ቤቴም የውሃ ቦቴውን ቁልፍ ተቀብሎኝ በር ላይ አስቀምጦኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳሁት ሰውዬ አሁን ለሌሎች ሹፌሮች በር እከፍታለሁ።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ቢላው ሳይነካኝ በፊት ወይዘሮዋን አያታለሁ። እዚህ ላሉት ሰዎች ወይዘሮዋ ስላቸው ሴት ትመስላቸዋለች፤ «ከመንደራችን ፊት ለፊት ባሕር ውስጥ ያለች፣ ሕይወት ያላት የኮራል ድንጋይ ናት» ስላቸው ስቀው ሊሞቱ ነው። ይሳቁ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የምትመጣብኝ እሷ ናት። ያ ሐምራዊ ቀንዷ፣ ያ ብጫ ማራገቢያዋ። አባባ ከእንጨትና ከመስኮት መስታወት በሠራልን መነጽር ተራ በተራ ስንጠልቅ አንቺ ሁልጊዜ ቁጥር ታጭበረብሪ ነበር፤ አታስተባብዪ።

ለኤፕሪል መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለአረፋ እመጣለሁ፣ አያታለሁ፣ ተመልሼ በሜይ ራሴን ለዶክተሩ እሰጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ቢጨልም ይጨልም፤ ይዤው የምቀመጠው ነገር አይጠፋኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ እንደ ድሮዋ ናት? እንደ ድሮዋ ካልሆነች አልደክምም፣ ቀጥታ ቢላው ሥር እገባለሁ። ስለ ዓይኔ ለእማማ እንዳትነግሪያት፤ በአላህ።

ወንድምሽ ሐማዲ


ሚካሳኒ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1998

ለውድ ወንድሜ ለሐማዲ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። ከናፍቆትህና ከጻፍከው ወሬ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። አላህ የዓይንህን ብርሃን ይመልስልህ፤ ጠላትህ ይታመም።

ደብዳቤህን ጓዳ ገብቼ አነበብኩት። እማማ «ምን አለ?» ስትለኝ «ሰላም ብሏል» አልኳት። «ሁለት ገጽ ሙሉ ሰላም? ሙስካት ወረቀት ረክሷል ማለት ነው» አለች። ለአረፋ ልትመጣ መሆኑን ስነግራት ግን ምላሷም ተሰበሰበ፤ ተነስታ ምንጣፍ ታራግፍ ጀመር። ገና ስድስት ሳምንት ቀርቶት!

ወይዘሮዋ እንደ ድሮዋ ናት። ባለፈው ሳምንት ኻቲቡ ሊያስጎበኛት በጀልባው አምስት ፈረንጆች ወስዶ አንዷ አሮጊት ከውሃው ስትወጣ መነጽሯ ውስጥ እንባ ሞልቶ ነበር። የኔ ብልህ ባል ጄሊፊሽ የነደፋት መስሎት ኮምጣጤ አፈሰሰባት። ሴትየዋ ደስ ብሏት ነው የምታለቅሰው! ሁሉም እዚህ የሚመጡት ጸጥታውን ብለው ነው፤ አንድ ጀልባ፣ አንድ ባሕር፣ ማንም የማይጮህበት። መነጽር ግን አላዳረስንም፤ አንዳንድ ቀን ለሚመጣው ዘጠኝ ሰው ሦስት ብቻ ነው ያለን። ስትመጣ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይዘህ ና፣ ሁለቱ ለትንንሽ ፊት ይሁኑ።

ሞት ይርሳኝ፣ ሽማግሌው ሻሜ ባለፈው ዓርብ፣ በሃያ፣ አረፉ። ሃምሳ ዓመት ወይዘሮዋን የጠበቁ ሰው! እሳቸውን ሳያስፈቅድ መረብ የጣለባት ማን ነበር? ባሏ እንላቸው የለ። ቀብር ላይ እንኳ አንዱ «ዛሬ ሁለት ሴቶች መበለት ሆኑ» ብሎ ሰው አሳቀ። አላህ ይማራቸው። አንተ ብቻ ና።

እህትህ ሪዚኪ


ሙስካት፣ ማርች 9 ቀን 1998

ለሪዚኪ፣

ሰላምታዬ እንደ አሸዋ ይብዛልሽ። ሻሜን አላህ ጀነት ያግባቸው፤ አንድ ጊዜ ገና ያላደገ ኦክቶፐስ ስወጋ አግኝተውኝ ጆሮዬን ይዘው እስከ እማማ በር ጎትተውኛል። እማማም ሁለተኛውን ጆሮ ተቀበለቻቸው።

ትኬቱን ቆረጥኩ። ኤፕሪል 4፣ ቅዳሜ። ስድስት መነጽር ገዝቻለሁ፤ አንዱ የኔ ነው፣ ለፈረንጅ እንዳታከራዪው። ሱቁ ውስጥ አድርጌው ስቆም ሻጩ ሳቀብኝ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሆነው ሽበታም። ይሳቅ፤ እሱ የሚያየው የሱቁን ግድግዳ ነው።

ወንድምሽ ሐማዲ


ሚካሳኒ፣ ማርች 20 ቀን 1998 (ያልተላከ)

ወንድሜ ሐማዲ፣

ሰላምታውን እለፍልኝ። ወይዘሮዋ ነጭ ለብሳለች።

መጀመሪያ ያየው ኻቲቡ ነው። ፈረንጆቹን ይዞ ሄዶ ሳይጠልቁ መለሳቸው። ቤት ገብቶ ካሳቫውን ሳይነካ ተቀመጠ። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «የማይታይ አየሁ፤ የሰው ሚስት ራቁቷን አየሁ» አለኝ። እኔ ሞኟ ከእንግዶቹ አንዷ መስላኝ ልጮህበት ስነሳ፣ «ወይዘሮዋን ነው የምልሽ! ሐምራዊው የለም፣ ብጫው የለም፣ ሁሉም ጨው መስሏል» አለ። በማግስቱ ይዞኝ ሄደ። ካገባሁ ወዲህ ውሃ ውስጥ ፊቴን ስነክር የመጀመሪያዬ ነው። ውሃው ይሞቃል፣ ሐማዲ፤ ምድጃ ላይ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚመስለው። እሷም ከዳር እስከ ዳር ነጭ። ዓሦቹ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል ፈዝዘው ቆመዋል።

ሰው ሁሉ መስጊዱ በረንዳ ላይ ተሰበሰበ። አንዱ መርዝ ነው ይላል፣ አንዱ ቁጣ ነው ይላል። የሻሜ ታላቅ እህት ቢ ቲሜ ናቸው ገላጋይ የሆኑት። «ምን ታካብዳላችሁ?» አሉ። «ባሏ ሞቷል፣ ነጭ ለበሰች። እኔስ ባሌ ሲሞት ነጭ አልለበስኩም? አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቴን ዘግቼ ዒዳ አልተቀመጥኩም? ቀኗን ስትጨርስ ታጥባ፣ ቀለም ለብሳ ትወጣለች። እስከዚያ ማንም ወንድ ፊቷ አይድረስ፤ ጀልባውን ሁሉ አርቁላት።» እንዴት ያለ እፎይታ መሰለህ! ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ተበተነ። ቆጠርነው፤ የጁን ወር መጨረሻ፣ መውሊድ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ዒዳዋ ያበቃል።

ከእንግዶቹ አንዲት ጣልያን ደግሞ በአስጎብኚዋ አፍ «ሙቀቱ ነው፤ ርቧታል፤ ውሃው ካልቀዘቀዘ ትሞታለች» አለችን። ቢ ቲሜ «ለመሆኑ እሷ ባል ሞቶባት ያውቃል?» ብለው ጠየቁ። አልሞተብኝም አለች። «ታዲያ ዝም ትበል» አሉ፤ ሳቅን።

ልጽፍልህ ስቀመጥ እማማ አየችኝ። «ዒዳ ላይ ያለች ሴት መልኳ ለወንድ አይነገርም፤ ልጄም ቢሆን። ስትወጣ ይምጣና ይያት» አለችኝ። እማማ ዓይንህን አታውቅም፤ አትንገሪያት ያልከኝ አንተ ነህ። እኔ ግን አውቃለሁ። ነጭ ናት ካልኩህ አትመጣም፤ እዚያው ቢላው ሥር ትገባለህ። ቢጨልምብህስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄህ


ሚካሳኒ፣ ማርች 21 ቀን 1998

ለውድ ወንድሜ ለሐማዲ፣

አላህ በረከቱን ያውርድልህ፤ እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ሐማዲ፣ በኤፕሪል አትምጣ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ይገባል እያሉ ነው፤ ውሃው ይደፈርሳል። የኻቲቡም ጀልባ ስፌቱ ላልቶ ከውሃ ወጥቷል። ከመውሊድ በኋላ፣ ኦገስት ላይ ብትመጣ ቅርንፉዱም ይለቀማል፣ ቤቱም ይሞላል። ትኬት ይተላለፍ የለ?

ወይዘሮዋ ደህና ናት። መነጽሩ ይቆይ፣ አሁን አያስፈልግም።

እህትህ ሪዚኪ


ሙስካት፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1998

ለሪዚኪ፣

አረፋን እዚህ፣ በር ላይ፣ ከአንድ የበግ ቁራጭና ከአንድ የፓኪስታን ዘበኛ ጋር አሳለፍኩት። እናንተ ደህና ከሆናችሁ አልሐምዱሊላህ።

ደሴታችን ፔምባ መዝነብ የጀመረው ዘንድሮ ነው እንዴ? በዝናብ አይደለም ወይ ስንጠልቅ የኖርነው! ተናድጄ ሦስት ቀን አልጻፍኩልሽም። ደግሞ አሰብኩት፤ ጀልባም ከሌለ፣ ውሃውም ከደፈረሰ፣ ባለችኝ ዓይን ጭቃ ላይ ምን ላደርግ? ኦገስት 3 አስደረግኩት። ዶክተሩ ጮኸብኝ፤ «ዓይንህ ትኬት አይደለም፣ አይተላለፍም» አለኝ። ዶክተር እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያለው ቀን ሁልጊዜ ሌላ ቀን ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የግራው ግን ከሰው ፊት ላይ አፍንጫ ማጥፋት ጀምሯል።

አንድ ነገር አለ። ደብዳቤሽ አጭር ነበር። አንቺ ደግሞ አጭር ነገር አታውቂም፤ የኻቲቡን ኮምጣጤ ግማሽ ገጽ የጻፍሽ ሴት ነሽ። በእማማ ዕድሜ ይዤሻለሁ፤ ወይዘሮዋ ደህና ናት?

ሐማዲ


ሚካሳኒ፣ ሜይ 24 ቀን 1998

ለውድ ወንድሜ፣

አላህ ይጠብቅህ። ሦስት ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። እማማን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል።

በእማማ ዕድሜ አታስምለኝ፤ ዕድሜ በወረቀት አይማልበትም። ደህና ናት አልኩህ፣ ደህና ናት። እየጠበቀችህ ነው። ቀዶ ጥገናውን ቀድመህ አድርገው ልልህ ስንቴ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ያ ሃምሳ በሃምሳ ያልከው ነገር ያስፈራኛል። ሁለት ወር ምን አላት? ጠብቅ።

እንድትልክልኝ የምፈልገው ነገር ተለውጧል። መነጽሩን ተወውና አምስት ክንድ አረንጓዴ ሐር ላክልኝ፣ ጥሩውን። ዒዳ ተቀምጣ የምትወጣ ሴት አለች፤ የምናለብሳት ነው። ከጁን 25 በፊት ይድረስ።

ሪዚኪ


ሙስካት፣ ጁን 10 ቀን 1998

ሪዚኪ፣

መስመሩ እርስ በእርሱ ቢወጣጣ አትሳቂብኝ፤ በጣቴ እየለካሁ ነው የምጽፈው። የግራው ሱቁን ዘግቷል። የቀኙ አለ።

ሐሩን በልብስ ሰፊው በመካሜ ወንድም ልኬልሻለሁ። መካሜ ከዌቴ የመጣ የአገራችን ልጅ ነው፣ ቀለሙን እሱ መርጦልኛል። መበለቷ ማን ናት? ለኻቲቡ ለሁለተኛ ሚስት ታስባ ከሆነ ጨርቁን መልሺልኝ!

ሐማዲ


ሚካሳኒ፣ ጁላይ 2 ቀን 1998

ሐማዲ፣

አትምጣ። ዛሬውኑ ዶክተሩ ጋ ሂድ፣ እግሩ ላይ ውደቅ፣ ይቅደድህ። ለምን አትበለኝ። በአላህ፣ በአባባ አጥንት፣ ይህን ስታነብ ጫማህን አድርግ።

ሪዚኪ


ሙስካት፣ ጁላይ 16 ቀን 1998

ለእህቴ ለሪዚኪ፣

ይህን የሚጽፍልሽ መካሜ ነው፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ሰላም ብሎሻል።

ሄድኩ። እንዳልሽኝ እግሩ ላይ አልወደቅኩም እንጂ ለመንኩት። ዶክተሩ መብራቱን አብርቶ ሁለቱንም ዓይኔን መረመረ። «በሜይ ቢሆን እታገልልህ ነበር፤ አሁን የምቆርጠው ነገር የለም» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ ነግሬህ ነበር አላለኝም።

እንግዲህ መምጣት ብቻ ነው የቀረኝ። በቀኙ ትልቅ ትልቅ ነገር ይታየኛል፤ መርከብ፣ ግድግዳ። ወይዘሮዋም ትልቅ ናት። ምን አስደንግጦሽ እንደዚያ እንደጻፍሽ ስንገናኝ ትነግሪኛለሽ።

ሐማዲ


ሙስካት፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998

ለእህቴ ለሪዚኪ፣

በሰላም ገብቻለሁ። የእማማን እጅ ሳሚልኝ፤ ለኻቲቡ ሰላም በይልኝ። አላህ ቤታችሁን ይጠብቅ። መካሜ ነው የሚጽፈው። አሁን ሁለቱም ጨልመዋል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ መብራት ያጠፉ መስሎኝ አስተናጋጇን ጠየቅኳት፤ «ቀን እኮ ነው» አለችኝ።

ስድስት ሳምንት አብረን በላን፣ አብረን ተቀመጥን፣ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። አንቺ አልጀመርሽም፣ እኔም አልጀመርኩም። አሁን ልጀምር።

ወደ ወይዘሮዋ የወሰዳችሁኝ ቀን ጀልባው ላይ ኻቲቡ ዝም አለ። ኻቲቡ! ቀብር ላይ እንኳ የማይዘጋ አፍ ያለው ሰው። ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። አንቺ እጄን ይዘሽ ውሃ ውስጥ አስገባሽኝ። ፊቴን ነከርኩ፤ የደፈረሰ ነገር ብቻ ታየኝ፤ ዓይኔ ነው አልኩ። ዓይኔን ረገምኩት። ከዚያ እጄን ዘረጋሁ። ያ ሐምራዊ ቀንድ የት እንዳለ እኔ ዓይን አያስፈልገኝም፤ ከትልቁ ድንጋይ በስተግራ፣ ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ። አገኘሁት። የበሰበሰ ባሚያ የነካሁ መሰለኝ። ትንሽ ጫን ስለው እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰበረ። ሌላውን ነካሁ፣ ያም ተሰበረ። እስኪደክመኝ ነካሁ። አንድም ጤነኛ አላገኘሁም።

ወጥቼ «ማሻአላህ፣ እንደ ድሮዋ ናት» አልኩ። አንቺ አለቀስሽ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት እማማ ጀልባው ላይ ሆና ስለምትሰማ ነው።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። መቼ ነው የነጣችው? መካሜ እንደነገረኝ በየባሕሩ እንደዚህ ሆኗል፤ መጀመሪያ ትነጣለች፣ ከዚያ ትበሰብሳለች ይላሉ። ቀኑን ንገሪኝ። አትምጣ ብለሽ የጻፍሽልኝ ማርች 21 ነው። ከዚያ በኋላ ከሆነ የአላህ ሥራ ነው፣ አፌን እዘጋለሁ። ከዚያ በፊት ከሆነ ደግሞ ማወቅ አለብኝ። እዚህ ተቀምጬ ከማን ጋር እንደተጣላሁ ሳላውቅ መኖር አቅቶኛል።

ሐማዲ


ሚካሳኒ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1998

ለወንድሜ ለሐማዲ፣

ሰላም ለማለት አፍ የለኝም።

መካሜ፣ ወንድሜ፣ ይህን ስታነብለት ድምፅህን ዝቅ አድርገው። ሌላ ሰው ካለ ይውጣ።

ረቡዕ ማርች 11 ነው፣ ሐማዲ። አትምጣ ብዬ ከመጻፌ አሥር ቀን በፊት። ኻቲቡ ያየው የዚያን ዕለት ነው፤ ሐሙስ እኔ በዓይኔ አየሁ። ያኔ የጻፍኩልህና ያልላክሁት ደብዳቤ አለ። ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። መካሜ ያንብብልህ። ከመካከል የተቋረጠው እማማ ስለገባች ነው።

ዒዳ መስሎን ነበር። ሳቅብን፤ ወይም አትሳቅ። ባሏ ሞተ፣ ነጭ ለበሰች፤ ከዚህ የበለጠ ምን ግልጽ ነገር አለ? ቀኗን ቆጠርን። ጁን 28 ቀን ሴቶቹ ሁሉ ታጥበን፣ ሒና አድርገን፣ ቢ ቲሜን በወንበር ጀልባው ላይ አስቀምጠን፣ አንተ የላክኸውን አረንጓዴ ሐር ይዘን ልናወጣት ሄድን። ከበሮ እየመታን! እኔ ነበርኩ የጠለቅኩት፣ ሐሩን ላለብሳት። ቡናማ ንፍጥ ለብሳ አገኘኋት። ሸተተችኝ፣ ውሃ ውስጥ ሆኜ የሸተተችኝ መሰለኝ። ስወጣ ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል። ፊቴን አይተው ከፍተውት ቀሩ። ቢ ቲሜ «ጨርቁን መልሺልኝ፣ ለሙታን ሐር አይገባም» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አልወጡም። እንግዶቹም አሁን አይመጡም፤ ኻቲቡ ጀልባውን ገልብጦ ሥሩ ይተኛል።

ግን ሁሉን በዒዳ ላሳብብ አልችልም። ያቺ ጣልያን ስትናገር ሳቅኩ እንጂ ፈርቼ ነበር። ብነግርህ እንደማትመጣ አውቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንድትመጣ ፈለግኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩህ ለእማማ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው። አምራ ታያት ዘንድ፣ ያን ጊዜ እኔ አጠገብህ እንድሆን። ዶክተሩ ሜይ እንዳለ አንብቤያለሁ። ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ሜይ ሲያልፍ ቁጭ ብዬ ያለፈውን ቀን ቆጠርኩ፤ ዝም አልኩ።

በኤፕሪል ብትመጣ ኖሮ ነጭ ሆና በሁለት ዓይንህ ታያት ነበር። እማማንም በሁለት ዓይንህ ታያት ነበር። በሜይ ዶክተሩ ይታገልልህ ነበር። እማማ ፊቷን በጣትህ ስትዳብስላት ነው ሁሉን ያወቀችው፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ እኔን በስሜ አትጠራኝም፣ «አንቺ» ነው የምትለኝ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ? እኔ ሳልፈራው አይደለም የደረሰው።

ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የተጣላኸው ከእኔ ጋር ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ እንድትለኝ ግን እፈልጋለሁ። ጻፍልኝ፤ ስድብም ቢሆን ጻፍልኝ።

ሪዚኪ


ሙስካት፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1998

ለሪዚኪ፣

ሁለቱን ደብዳቤ መካሜ አንብቦልኛል። ሁለተኛውን፣ ያልላክሽውን፣ ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። 

ቀኑን ስለነገርሽኝ አላህ ይስጥሽ። አሁን አውቃለሁ። ብትዋሺኝ ኖሮ አምንሽ ነበር፤ ማርች 30 ብትዪኝ ዛሬ ተኝቼ አድር ነበር። ለምን እውነቱን እንደነገርሽኝ አይገባኝም። ስትዋሺኝ ለራስሽ ብለሽ ነው፣ እውነቱን ስትነግሪኝም ለራስሽ ብለሽ ነው። ይህን ማለት ፈልጌ ነበር፣ አልኩ።

እማማን በስምሽ እንድትጠራሽ ንገሪያት፤ ሐማዲ ብሏል በያት።

የለመንሽኝን ነገር ልልሽ ፈልጌያለሁ፣ ወላሂ። ያን ቃል ለመካሜ ሦስት ጊዜ ነገርኩት፣ ሦስት ጊዜ ጻፈው፣ ሦስት ጊዜም ሰርዘው አልኩት፤ ሦስት ወረቀት አበላሸንበት። አሁን በዚህኛው ላይ ከስሜ በላይ ጻፈው ብዬው፣ ወዲያው ደግሞ ተወው ብዬዋለሁ፤ የእሱ ብዕር ብቻ ሲጭር ይሰማኛል። የትኛውን እንደሰማኝ አላውቅም። እኔ አላይም፤ አንቺ እዪው።



ወንድምሽ ሐማዲ